ዳማ የቤት ሰው ካልያዘው አይቆምም

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ዛሬ ለዮዲት ደወልሁላት። ዮዲት ማለት አዲስ አበባ ባለው የሞዴል ኤጀንሲያችን ስልክ የምታነሳው፣ ሥራ የምታከፋፍለው፣ የእያንዳንዳችንን ቁመትና ወገብ ከራሳችን በላይ የምታውቀው ሴት ናት። ደብተሩን ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ አይደለም እንዲህ ከሥሩ የምጀምረው። ከሥሩ ካልጀመርሁ እየዘለልሁ ራሴን እንደማታልል ስለማውቅ ነው።

ከሐምሌ ወዲህ አንድም ሥራ አልመጣልኝም። የመጨረሻው የአንድ ቬሎ ቤት ፎቶ ነበር፤ እሱም ከወገብ በላይ። ጥቅምት ሲገባ «የሁለት ሳምንት እረፍት ነው» ብዬ ቆሰበር እናትና አባቴ ቤት ገባሁ። ይኸው ወር አለፈኝ።

ከመደወሌ በፊት የምናገረውን በወረቀት ጽፌው ነበር። «ዮዲዬ፣ ሥራ ካጣሁ አራት ወር ሆነኝ፤ ለምንድን ነው የማትጠሩኝ?» ይኸው ነው፣ አንዲት መስመር። ስታነሳው «ሊያዬ፣ እንዴት ነሽ?» አለች። (ልክየለሽ የሚለው ስሜ ለፖስተር ይረዝማል ብለው ሊያ ካሉኝ አምስት ዓመቱ ነው።) ተመስገን አልሁ። ሥራ እንዴት ነው አለች። ተመስገን፣ ትንሽ በዝቶብኛል አልሁ። ልጅሽስ አደገ፣ እናትሽስ ተሻላቸው፣ ዝናቡስ አባራላችሁ አልሁ። ከዚያ ቻው ተባባልን። ወረቀቷን አጣጥፌ እዚሁ ደብተር ውስጥ ከተትኋት።

የተራበ መምሰል ግን አይገባም። ያስተማሩን እነሱው ናቸው፤ በስልጠናው ጊዜ «ተፈላጊ ምሰሉ፣ የምትለምንን ሴት ማንም አይፈልጋትም» ሲሉን ከርመዋል። እኔ የተማርሁትን ነው ያደረግሁት።

ኮንትራቴ ጥር 30 ያበቃል። ስድስት ወር ያልሠራች አይታደስላትም ይላል ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል። እስከዚያ አንዲት ሥራ ባገኝ በቂዬ ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ቦኖ ውሃ ላይ፣ ሁለት ሴቶች፣ ጀርባዬ ለእነሱ።

«የአቶ ዓለምነው ልጅ መጥታ ቀረች እንዴ?»

«ምን ትቀራለች፣ እረፍት ላይ ናት አሉ።»

«ይህን ያህል እረፍት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ካለ እኔንም ይቅጠሩኛ።»

ጀሪካኑን ሳልሞላው ተመለስሁ። እናቴ ግማሹን አይታ ለአባባ በአዊኛ የሆነ ነገር አለቻቸው፤ እኔ ቋንቋውን የረሳሁ ይመስላቸዋል።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ዳንግላ ውዬ መጣሁ። ከሚኒባስ ወርጄ እነሀይማኖት ቤት ድረስ በጋሪ ሄድሁ። ሀይማኖት ሃያ ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ኤጀንሲው ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ መራመድ ያስተማርኋትም እኔው ነኝ፣ የእናቷ በረንዳ ላይ፣ ራሷ ላይ የሒሳብ መጽሐፍ አስቀምጬ። እሷም ሥራ አጥታ እናቷ ዘንድ ተመልሳለች። እሷ ግን ይህን ለማንም አትዋሽም።

«እኔማ እትዬ፣ በየሰኞው ነው የምደውልላት» አለችኝ። «ዮዲቴ ሥራ የለኝም፣ እናቴ ታማብኛለች፣ ያገኘሽውን ስጪኝ እላታለሁ። ባለፈው እንዲያውም አለቀስሁ።»

«አታፍሪም?»

«ምኑን?»

ደጋግማ ካለቀሰች እንደምትሰለች፣ ኤጀንሲ የእድር ቤት እንዳልሆነ አስረዳኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ኩራት ግን አልፈጠረባትም። ስመለስ ጋሪው ላይ ሆኜ አዘንሁላት።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

አባባ ዛሬ ዳማን ሲያሹት ዋሉ። ዳማ ፈረሳችን ነው። ለጥር 23፣ ለፈረሰኞች በዓል ከአሁኑ ይቀልቡታል። ለእኔ ድንች ይበቃኛል፣ ለእሱ ገብስ ነው።

ከዳማ በፊት ጉራች የሚባል ነበረን። አዲስ አበባ ለስልጠና የሄድሁት በጉራች ነው፤ ማለቴ እሱ ተሽጦ ነው። የፈረሰኞች ማኅበር አባል ፈረሱን ሸጦ በበዓሉ ቀን በእግሩ መታየት ምን እንደሆነ እዚህ ላልተወለደ ሰው ማስረዳት አልችልም። አባባ ሁለት ዓመት ጥር 23 ከቤት አልወጡም። ለጠየቃቸው ሁሉ «ወገቤን አሞኝ ነው» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ዳማን ገዙት፤ ያን ጊዜ ወገባቸው ዳነ።

ዛሬም እያሹት «መቼ ነው የምትመለሺው?» አሉኝ። «ይጠሩኛል» አልኋቸው። «ደግ» አሉና ወደ ፈረሱ ዞሩ። በየሳምንቱ ይህን ይጠይቁኛል፣ እኔም በየሳምንቱ ይህንኑ እላለሁ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ለዮዲት ማር ላክሁላት። የዘንገና ማር፣ አባባ ከገዛ ቀፏቸው የቆረጡት፣ በፕላስቲክ ባልዲ ታሽጎ። ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠሁት።

አባባ «ለማን ነው?» ሲሉ «ለአለቃዬ» አልሁ።

«አበጀሽ። ባዶ እጅ ደጅ አይጠናም» አሉ። ደጅ እየጠናሁ እንደሆነ ማን ነገራቸው ብዬ ደነገጥሁ፤ ኋላ ሲገባኝ ተረት ነው የነገሩኝ። ሰው እንዲያው ልቡ ሲሰጋ ተረትም ይወጋዋል።

ምንም ደብዳቤ አላደረግሁበትም። የሚገባው ሰው በማር ብቻ ይገባዋል። እኛ አገር ባልዲ ሙሉ ማር የሚልክ ሰው አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሕፃን ልጅ ያውቃል።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ዮዲት ለሁላችንም በቴሌግራም ጻፈች፤ አዲስ ፎቶ፣ ያለ ሜካፕ፣ ከአዲስ ልኬት ጋር። ሁላችንም ስትል እኔንም ማለቷ ነው። ጥሩ ምልክት ነው።

ምንይችል ፎቶ ቤት ሄድሁ። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው የምፈልገው ብዬ ብለምነው «ግድግዳ ለመታወቂያ ነው፤ አንቺን የመሰለች ልጅ ግድግዳ ላይ አቁሜ ብለቅ ስሜ ይጠፋል» ብሎ ፏፏቴ ዘረጋ። አይሆንም አልሁ። ዱባይን ከኋላሽ ላስገባልሽ አለ። እንደምንም ግድግዳው ላይ አነሳኝና ሲጨርስ ሳልጠይቀው ፊቴን አንጥቶ ሰጠኝ። መልስልኝ አልሁት። «እንዲህ ሆኖ የሚከፋው ሰው ገና አላየሁም» አለ።

ቤት ስመለስ እናቴ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችኝ። ወገቤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። «ተመስገን፣ ሰው መሰልሽ» አለች። እኔ የላክሁት የድሮውን ቁጥር ነው። ከጾሙ ጋር ይወርዳል።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

መንገድ ተዘግቷል። ኔትወርክም የለም፤ አራት ቀን ሆነው። ብትደውልስ? ስልኬን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ ወረድሁ፤ ሰዎች የጠፋ በግ የምፈልግ መስሏቸው አብረውኝ ሲፈልጉ ነበር።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ደወለች። ራሷ ደወለች። ተረጋግቼ ልጻፈው።

«ሊያዬ፣ ማሩ ደርሶኛል፤ ምን አድርጌልሽ ነው? አንቺማ አገርሽ ገብተሽ ደልቶሻል።»

«ተመስገን» አልሁ።

«ሥራ እንዴት ነው? እዚያም ያሠሩሻል?»

«አለ፣ ይሠራል፣ ፋታም የለኝ።» ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«ጎበዝ። ይኸውልሽ፣ ጥር ላይ ወደ እናንተ አገር እንመጣለን። የጨርቅ ፋብሪካ ነው፣ የቀን መቁጠሪያ ያሠራል። ፈረስና ሐይቅ ይፈልጋሉ። አንቺ እንግዲህ ጊዜ የለሽም እንጂ…»

እዚህ ላይ ቆመች። ሳስበው መልስ እየጠበቀች ነበር። እኔ ግን ዘልዬ ልያዘው? «እስኪ እንግዲህ እናያለና» አልኋት፤ የተከበረ ሰው እንደሚለው። «እሺ በቃ፣ አላስቸግርሽም» ብላ ማሩን እንደገና አመስግና ዘጋች።

የእኔ ነው። ከሰባቱ የኤጀንሲው ሴቶች የቆሰበር ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ማንን ልታመጣ ነው? ኮንትራቱም ጥር ሳያልቅ ይተርፋል። ማሩ ተናግሯል። ዛሬ ከስንት ጊዜ በኋላ እናቴን ጎመን ስትከትፍ አገዝኋት፣ ስዘፍን ነበር አለች።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ለቤተሰቡ ነገርኋቸው። ጥር ላይ እዚሁ፣ ዘንገና ሐይቅ ላይ ሥራ አለኝ አልሁ። እናቴ እልል ልትል ስትል አባባ «ቆይ፣ ተጠርተሻል?» አሉ።

«ያው እንደተጠራሁ ነው።»

«ያው እንደተጠራሁ» ብለው ደገሙት፤ ለራሳቸው ነው የሚያወሩት። ሥጋቸውን ቆረጡ። ሽማግሌ ሰው መጠርጠር ይወዳል።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ሁለት ሰዎች በባጃጅ መጥተው አባባን አነጋገሩ። ፈረስ ይፈልጋሉ፤ ለፎቶ፣ ለጥር 24፣ ከበዓሉ ማግስት። ሦስት ፈረስ አይተው ዳማን መርጠዋል። እሱ ፀጉሩ ያበራል፣ አቋሙም ያምራል።

እኔ ከጓዳ ነው የሰማሁት። ብቅ ማለት አልፈለግሁም፤ ከሥራው በፊት ከሠራተኛ ጋር መታየት ጥሩ አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ማን ያገኛል? በገዛ አባቴ ፈረስ ላይ፣ በገዛ ሐይቄ ዳር። ለጉራችም ካሣ ነው።

ዮዲት እስካሁን አልደወለችም። ቀኑ ገና ነው።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ሀይማኖት ደወለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ አይለይም።

«እትዬ ልክዬ፣ ቆሰበር ልመጣ ነው። የቀን መቁጠሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። እናንተ ቤት ባድር ይከብዳችኋል?»

አይከብደንም አልሁ። እንኳን ደስ አለሽ አልሁ። አቋቋምሽን አትርሺ፣ ትከሻሽን ልቀቂው አልሁ። የተናገርሁት ሁሉ ትክክል ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወጥ እያማሰልሁ አሳረርሁት።

አልቀናሁባትም። ይህን እጽፋለሁ ምክንያቱም እውነት ነው። የሚያበሳጨኝ አሠራሩ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ለአምስት ዓመት ስታገለግያቸው ኖረሽ፣ ትናንት የመጣች፣ ያውም እያለቀሰች የምትለምን…

ይህን ሐረግ መጨረስ አልፈልግም። ልጅቷ ምንም አላጠፋች።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ለዮዲት መልእክት ጻፍሁ፣ አጠፋሁ። ጻፍሁ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ «መልካም የሥራ ጊዜ» ብዬ ከአበባ ምስል ጋር ላክሁ።

አባባ ማታ ላይ ጠሩኝ። «ለእነዚያ ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ» አሉ፤ «ዳማ የቤት ሰው ካልያዘው አይቆምም ብያለሁ። የእኔ ጉልበት እምቢ ብሏል። አንቺ ነሽ የምትይዢው።»

«እኔ?» አልሁ። «አባባ፣ እኔ የዚያ ድርጅት ሞዴል ነኝ። ልጓም ያዥ ልሁን?»

«ፈረሱ ያንቺም ነው» አሉ። «ጸጉርሽን ግን ተሠሪ። ከሰው ፊት ነው የምትቆሚው።»

በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄባቸው አላውቅም። እሺ አልሁ።

ጥር 23፣ ዓርብ

በዓሉ ዋለ። አባባ ነጭ ለብሰው፣ ዳማ በኮርቻ ልብሱ በግላሱ፣ በቃጭሉ፣ አምሮባቸው። አቧራ እያስነሱ ሲጋልቡ ያ የጉልበት በሽታ የት ሄዶ ነበር?

ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር እንግዶች ልጆቻቸውን ተራ በተራ ዳማ ላይ እያወጡ ፎቶ ሲያነሱ ነበር። አንዱ ሕፃን ጆሮውን ጎተተው። ዳማ እንደ ዛፍ ቆመ። የያዘው ማን ነው ብዬ ሳይ ማንም አልያዘውም፣ ልጓሙ አንገቱ ላይ ነው የተጣለው። አባባ የነገሩኝን ረስተውታል መሰለኝ።

ሀይማኖት አመሻሹን ገባች። እናቴ እግሯን አጠበቻት። በእኔ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው፤ አንሶላ ቀይሬላታለሁ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፤ ካልጻፍሁት ሌላ ሰው ላይ የደረሰ አስመስዬ እረሳዋለሁ።

ዘንገና የደረስነው ጸሐይ ሳትጠነክር ነው። ሀይማኖትን አለበሷት፤ የፋብሪካው ጨርቅ፣ አረንጓዴ፣ ወገቡ ጠባብ። የእኔ የዛሬ ወገብ እንደማይገባበት አየሁ፤ ያ አጽናናኝ ብል ማን ይፈርድብኛል። ዳማ ላይ አወጧት። እኔ ልጓሙን ይዤ በግራ በኩል ቆምሁ።

«ፈረሱን የያዝሽው፣ ትንሽ ወጣ በይ» አለ ፎቶ አንሺው። ወጣሁ። «ትንሽ ደግሞ።» ወጣሁ። «እጅሽ ብቻ ይቅር፣ ክንድሽን ዘርጊው።» ዘረጋሁ። ሁለት ሰዓት እንዲህ ቆምሁ። ሀይማኖት ትከሻዋን ስታጠብቅ ከሥር ሆኜ «ልቀቂው» እላታለሁ፣ አገጯን ስትደፋ «ቀና» እላታለሁ። ፎቶ አንሺው ያስተዋለው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ካሜራውን አውርዶ ፊቴን ሲያይ ቆየና ወደ ኋላ ዞሮ «ይቺ ፈረስ የያዘችው ማን ናት? ፊት አላት እኮ» አለ።

ዮዲት ከመኪናው ጥላ ሥር ነበረች። አሁን ነው ያየችኝ። እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ።

«ሊያ! አንቺ እዚህ ነሽ? የማን ፈረስ ነው?»

«የአባቴ ነው።» አባባን አሳየኋት። ሦስት እርምጃ ርቀው የኮርቻውን መቀነት ይነካካሉ፤ መቀነቱ ደግሞ ጠዋት የጠበቀ ነው። የሰፈር ሰው ሁሉ ሐይቁ ዳር ተኮልኩሏል፤ እነዚያ የቦኖው ሴቶችም አሉ።

ፎቶ አንሺው «ታዲያ እሷን ለምን አላመጣችኋትም?» አላት።

«የእኛው ናት እኮ፤ ግን ሥራ በዝቶባታል። ስንቴ ጠይቄያታለሁ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የጠየቀችኝ በቀጥታ ነው፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው፣ ይህን መካድ አልችልም። «እስኪ ንገሪኝ፣ ሊያዬ። አሁን ሥራ ትፈልጊያለሽ? ሁለት ገጽ ይቀረናል፣ ነገም እንቆያለን። የሚገባሽን ልብስ አናጣም።»

አባባ መቀነቱን ለቀቁት። ቀና አሉ።

እኔ ምን አልሁ? እኔማ ሳቅሁ። «ኧረ ተይኝ፣ ነገ ራሱ ባሕር ዳር ቀጠሮ አለኝ። ዛሬ አባቴን ላግዝ ብዬ ነው እንጂ» አልሁ።

«ታድለሽ» አለችኝ። ፎቶ አንሺው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ካሜራው ተመለሰ። አባባ ጎንበስ ብለው የጠበቀውን መቀነት እንደገና ማጥበቅ ጀመሩ።

ምን ልበል ታዲያ? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አባቴ ፈረስ ሸጠው ያስተማሩኝ ልጅ፣ «አዎ፣ ከሐምሌ ጀምሮ የቤት ውሃ ነው የምቀዳው» ልበል? ማንም አይልም። የትም አገር ያለች ሴት አትልም።

ሀይማኖት ትል ነበር።

ጥር 25፣ እሑድ

ባሕር ዳር ቀጠሮ አለኝ ስላልሁ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። መስኮቱን ዘግቼ። እናቴ ምሳ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠች፣ እንደ አራስ።

ጥር 26፣ ሰኞ

ሀይማኖት ወደ ዳንግላ ሄደች። ስትሰናበተኝ «እትዬ፣ ያንቺ እጅ ባይኖር እወድቅ ነበር» አለች። ልጅቷ መርዝ የላትም። መርዙን ሁሉ ወስጄ የጨረስሁት እኔ ነኝ መሰለኝ።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ወረቀቷን ከደብተሩ አወጣሁ። አራት የሚለውን ሰርዤ ስድስት አልሁበት። መናኸሪያው ጀርባ፣ ሰው የማይሰማበት ሄጄ ደወልሁ። «እንዴት ነሽ?» ስትል ተመስገን ሳልል አነበብሁት።

«ዮዲዬ፣ ሥራ ካጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ባሕር ዳር ቀጠሮ የለኝም። የትም ቀጠሮ የለኝም።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለምን ቅዳሜ አልነገርሽኝም?»

«ሰው ነበረ።»

«ሊያ፣ ዝርዝሩን ሰኞ ዘጋነው። ስድስት ስም ነው የምናስቀረው። ኃላፊው ማን ትውጣ ሲለኝ ያንቺን ራሴ ነኝ የሰጠሁት። እሷ ሌላ ቦታ ሥራ ይዛለች፣ አትጎዳም፣ የተቸገሩት ይቆዩ አልሁ። ያሰብሁት ደግ ነበር።»

«ማሩስ?» አልኋት። ለምን ይህን እንዳልሁ አላውቅም።

«ማሩማ… ባልዲ ሙሉ ማር የሚልክ ሰው ተቸግሯል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባባ። ለእኔ ብለውት አያውቁም፣ ለሌላ ሰው ሲሉ ነው የሰማሁት። ስዘጋው ዮዲት እያለቀሰች ነበር። ከሁለታችን ያለቀሰችው እሷ ናት፤ ይኼም ቀረብኝ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሀይማኖት ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። የሚያዝያ ገጽ ናት። ሐይቁ፣ ዳማ፣ አረንጓዴው ልብስ፣ አገጯ ቀና ያለ፣ ትከሻዋ የተለቀቀ። በግራ በኩል ጠርዙ ላይ ልጓም የያዘ እጅ አለ፤ ከክንድ ወዲያ ተቆርጧል።

አባባ በረት ውስጥ ነበሩ። ስልኩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ሀይማኖትን አለፏት፣ ፈረሱንም አለፉት፣ ጠርዙ ላይ ቆሙ።

«ይቺ እጅ ያንቺ ናት» አሉ።

«አዎ።»

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

የሳምንቱ ጥያቄ ነው። አፌ ይጠሩኛል ሊል ተከፈተ። «አልመለስም፣ አባባ» አልሁ። «ሥራ የለኝም። ከሐምሌ ጀምሮ የለኝም። አሁን ከዝርዝሩም አውጥተውኛል።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «የመጣሽ ሰሞን ነው ያወቅሁት። እረፍት የመጣ ሰው ሁለት ሻንጣ አይዝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ብዬ። ልጅን ችግሯን ከአፏ ነጥቆ መናገር ነውር ነው።» ዳማን አንገቱ ላይ ቸብ ቸብ አደረጉት። «እኔም ወገቤን አሞኝ ነው እያልሁ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከማን ተማርሽው?»

በሩን ይዤ ቆምሁ። ከዚያ ድንገት የበዓሉ ቀን ትዝ አለኝ፣ ሕፃኑ ጆሮውን ሲጎትተው፣ ልጓሙ አንገቱ ላይ ተጥሎ።

«አባባ፣ ዳማ የቤት ሰው ካልያዘው አይቆምም ያሉት…»

«ዳማ ማንም ቢይዘው ይቆማል። ባይያዝም ይቆማል» አሉ። «ይዩሽ ብዬ ነው። ፊት ለፊታቸው ካቆምኋት አይተዋት አያልፉም ብዬ ነው። ደግሞም አይተውሽ ነበር፤ ያ ካሜራ የያዘው ልጅ አይቶሽ ነበር።»

«ሥራ በዝቶብኛል ስል ሰሙኝ። ዋሽታለች፣ የላትም ለምን አላሏቸውም?»

ፊታቸውን አላዞሩም። «ልጄን በሰው ፊት ላዋርዳት?» አሉ።

ገብሱ ግድግዳው ሥር ባለው ጆንያ ውስጥ ነበር። ሁለት እፍኝ አፍሼ ለዳማ ያዝሁለት፤ ከመዳፌ በላ። አባባ መጥረጊያውን አነሱ። በረቱን ጠርገን ጨርሰን ለምሳ ገባን።